በዓይናቸው ያዩ ሰዎች፦ ከደብሊን እስከ ዴሪ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፣ ደብሊን

ይህን ጉዞ ካሰብኩት ቆይቻለሁ። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን መኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በየመንገዱ የመታሰቢያ ሰሌዳ አያለሁ፣ ስም አነባለሁ፣ አልፋለሁ። ባለፈው ዲሴምበር ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከ1641 ጀምሮ ስለተመዘገቡ የምስክርነት ቃሎች አጫወተኝና ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ሰው የተጨፈጨፈባቸውን ጥቂት ቦታዎች ልዞር፣ እዚያው ቆሜ ደግሞ በዓይኑ ያየው ሰው ምን እንዳለ ላነብ ነው ሐሳቤ። (ወርና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሄድኩ። መሀል ከተማ ነው። ቱሪስቱ የሚጎርፈው የኬልስ መጽሐፍ የሚባለውን ጥንታዊ ወንጌል ለማየት ነው። እኔ የመጣሁበት ለእይታ አይወጣም። 31 ጥራዝ ነው፣ በቤተ መጻሕፍቱ የእጅ ጽሑፎች ክፍል ይቀመጣል። ወደ 8,000 የሚጠጋ የምስክርነት ቃል፣ 19,000 ገጽ ገደማ። ደግነቱ ከ2010 ጀምሮ የገጾቹ ፎቶም ጽሑፉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቋል። ግቢው ውስጥ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦክቶበር 1641 አልስተር በሚባለው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ካቶሊክ አየርላንዳውያን ተነሡ። መሬታቸው ተወስዶ ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች ተሰጥቶ ነበር። ቂሙ የቆየ ነው። ብዙ ሰፋሪ ተገደለ። ከዚያ የሚበልጠው ልብሱ ሳይቀር ተገፎ በብርድ ተባረረ። ነፍሱን ይዞ ደብሊን የደረሰውን ሰው ሄንሪ ጆንስ የተባለ ቄስ የሚመራው ኮሚሽን እያስማለ ቃሉን ተቀበለው።

ብዙው ቃል የሚጀምረው በዕቃ ዝርዝር ነው። ይህን ያህል ላም፣ ይህን ያህል በግ፣ እህል፣ አልጋ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ዋጋውም በፓውንድ። መጀመሪያ ላይ ደረቀብኝ። እያነበብኩ ስሄድ ግን ገባኝ፤ ቤቱ የተዘረፈ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። ከላሞቹ ቀጥሎ በዚያው ቀለም፣ በዚያው የጸሐፊ እጅ፣ ባልና ልጆች ይመጣሉ። ከግርጌ ፊርማ አለ። መጻፍ የማይችለው ምልክት ያደርጋል። አንዷ ምልክት ላይ ቆየሁ፤ ሁለት ጭረት ናት፣ አንዱ ጭረት መሀል ላይ ብዕሩ ተነሥቶ እንደገና ወርዷል።

ብዙ ቦታ ላይ ተናጋሪው ራሱ ያየውና ከሌላ የሰማው ተለይቶ ተጽፏል። ይህ ልዩነት ለዘመኑ ፖለቲከኞች ደንታም አልሰጣቸው። አስፈሪ አስፈሪውን መርጠው ለንደን ውስጥ በራሪ ወረቀት አሳተሙ፣ የሟቹን ቁጥር ወደ መቶ ሺዎች አስገቡት። ዛሬ ያሉ የታሪክ ምሁራን የሚያወሩት በሺዎች ስለሚቆጠር ሕዝብ ነው። የሺዎቹ ሞት ግን እውነት ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ያጋነኑት ሰዎች የበደሉት ካቶሊኩን ብቻ አይደለም፣ ልጇን ቀብራ ቃሏን የሰጠችውንም ሴት ነው፤ ከእነሱ በኋላ ቃሏን የሚያነብ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚጀምረው።

በጥራዞቹ ውስጥ የካቶሊኮችም ቃል አለ። በጃንዋሪ 1642 አይላንድማጊ በሚባል ቦታ የተገደሉ ካቶሊኮች ጉዳይ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመርምሮ ነበር። ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው። ጠያቂው የማን ወገን እንደነበር ወዲያው ያስታውቃል።

ቀን 2፣ አሁንም ደብሊን

ክሮክ ፓርክ ከ82,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ነው። የአየርላንድ ባህላዊ እግር ኳስና ሐርሊንግ ይጫወቱበታል። አስጎብኚ ይዞ የሚያዞርበት ፕሮግራም አለው። እኔ ግን ሜዳው ጫፍ ላይ መቆም ነበር የፈለግሁት።

ኖቬምበር 21 ቀን 1920፣ እሑድ። አየርላንድ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት የምትዋጋበት ጊዜ ነው። ጠዋት የታጋዮቹ መሪ የማይክል ኮሊንስ ሰዎች በከተማዋ ተሰማርተው የእንግሊዝ የስለላ መኮንኖችን በየመኝታ ቤታቸው ገደሉ። ሚስቱ እያየች የተገደለ አለ። ይህን ዘልሎ ስለ ከሰዓቱ ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ከሰዓት ደብሊንና ቲፐራሪ ሊጋጠሙ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሜዳው ገብቷል። ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ፖሊስና ረዳት ጦሩ ደርሶ ተኩስ ከፈተ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው የተኮሱት። 14 ሰው ሞተ።

ማይክል ሆጋን የቲፐራሪ ተጫዋች ነው፣ ሜዳው ላይ ወደቀ። ቶም ራያን የሚባል ሰው ሮጦ ገባና አጎንብሶ በጆሮው የንስሐ ጸሎት ሲያንሾካሹክለት እሱም ተመታ። ሁለቱም ሞቱ። ዛሬ ትልቁ የመቀመጫ ክፍል በሆጋን ስም ይጠራል። ጄን ቦይል ከእጮኛዋ ጋር ነበረች፣ ሠርጋቸው አምስት ቀን ቀርቶታል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሮጡ እጇ ከእጁ ሾልኮ ወጣ። በሙሽራ ልብሷ ነው የተቀበረችው።

ሦስት ልጆችም አሉ። ጆን ዊሊያም ስኮት 14 ዓመቱ ነው። ጄሮም ኦሊሪ 10 ዓመቱ ነው፣ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዊሊያም ሮቢንሰን 11 ነው፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር። ዛፍ ላይ ሆኖ በነፃ ኳስ ማየት የማያውቅ ልጅ በእኛ ሰፈርም የለም። ይህቺን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለው፣ ጉብኝቱንም ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከግድያው በኋላ ወታደራዊ ምርመራ ተደርጓል፣ በዝግ ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ የተኮሰው ፖሊስ ነው አለ። ፖሊሶቹ ከውስጥ ተተኮሰብን አሉ። የጦሩ የራሱ አዛዥ እንኳ ተኩሱ ያለ ትእዛዝ የተከፈተና ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ እንደነበር ጽፏል። ወረቀቱ ግን ከ70 ዓመት በላይ ተቆልፎበት ኖረ። ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች፣ ያሉት ነገር የት እንደገባ ሳያውቁ ሞቱ ማለት ነው።

ቀን 3፣ ድሮሄዳ

ጠዋት ከኮኖሊ ጣቢያ ባቡር ያዝኩ። ድሮሄዳ ቅርብ ናት፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ደረስኩ ማለት ይቻላል። የቦይን ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። የድሮው ቅጥር ብዙው ፈርሷል፣ የቅዱስ ሎውረንስ በር የሚባለው መንትያ ግንብ ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እዚህ ያነበብኩት ምስክር የገዳዩ የራሱ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር አዛዥ ኦሊቨር ክሮምዌል በሴፕቴምበር 11 ቀን 1649 ከተማዋን በመድፍ ደብድቦ ገባ። 3,500 ያህል ሰው ተገደለ ይባላል፣ አብዛኛው ከተማዋን የሚጠብቅ ወታደር ነው፣ ቄሶችና ነዋሪዎችም አሉበት። ከቀናት በኋላ ለፓርላማው አፈ ጉባኤ ደብዳቤ ጻፈ። መሣሪያ የያዘ እንዳይማር ራሱ እንደከለከለ በግልጽ ይናገራል። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ወጥተው እጅ አንሰጥም ያሉትን ማማውን በእሳት አስለቀቃቸው። ከእሳቱ መሀል አንዱ «ተቃጠልኩ፣ ተቃጠልኩ» ሲል መሰማቱን እዚያው ደብዳቤው ላይ አስገብቶታል። ያልተደበቀ፣ ያላፈረ ሰው ነው የጻፈው። ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር የጽድቅ ፍርድ ነው ብሎም ያምናል።

ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በሩ ዝግ ነበር። አጥሩን ተደግፌ ሁለተኛውን ምስክር አነበብኩ። ቶማስ ውድ ይባላል፣ የክሮምዌል ጦር መኮንን ነው። እንግሊዝ ሲመለስ ለእናቱና ለወንድሞቹ ያወራውን አንዱ ወንድሙ ጻፈው። ወታደሮቹ ወደ ማማው ሲወጡ ሕፃናትን እንደ ጋሻ ከፊታቸው ይዘው እንደነበር ይናገራል። ከምድር በታች ባለው ክፍል ሴቶች ተደብቀዋል። አንዲት ወጣት ተንበርክካ እያለቀሰች አድነኝ አለችው፣ አዘነላት፣ በክንዱ አቅፎ ሊያወጣት ሲል ሌላ ወታደር ሰይፉን ሰካባት። እስትንፋሷ ሳይወጣ እሱ ገንዘቧንና ጌጧን ወሰደ፣ ከዚያ ከምሽጉ ወደ ታች ወረወራት።

አዘንኩላት ያለውና ጌጧን የፈታው አንድ ሰው ነው። ለእናቱ ሲያወራ ሁለቱንም አወራ። የወንድምየው ወሬ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ግን የወንድሙን ስም ማሳመር የፈለገ ሰው የጌጡን ነገር ይጽፍ ነበር?

ቀን 4፣ ኪንግስሚል

ዛሬ ድንበር ተሻግሬ በእንግሊዝ ሥር ወዳለው ሰሜን አየርላንድ ገባሁ፤ መሻገሬን ያወቅሁት ስልኬ ላይ የእንግሊዝ ኔትወርክ ሲገባ ነው። ኬላ የለም፣ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ደብሊን መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ለዚህ መስመር የምታስቡ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።

ኒውሪ ጣቢያ ወርጄ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራ ቀኙ ቁጥቋጦ አጥርና የግጦሽ መሬት። ቦታውን ስነግረው ሹፌሩ ጨዋታውን አቆመ። ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና መኪናው ውስጥ ቀረ።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1976፣ ምሽት ላይ። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከግሌናን ፋብሪካ በሚኒባስ ወደ ቤስብሩክ እየተመለሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት በዚሁ አካባቢ የፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ከሁለት ካቶሊክ ቤተሰቦች ስድስት ሰው ተኩሰው ነበር፤ አምስቱ ወዲያው ሲሞቱ አንዱ ቆይቶ አረፈ። ሚኒባሱን መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙት። 12 ሰው አስወርደው አሰለፉና ካቶሊኩ ማነው አሉ።

አንድ ካቶሊክ ነበር። ባልደረቦቹ ታጣቂዎቹ እሱን ሊገድሉ የመጡ መሰላቸው። አትናገር፣ አትንቀሳቀስ አሉት። ሊሸሽጉት ነው። እሱ ግን ተለየና ሩጥ ተባለ። የቀሩትን 11 ፕሮቴስታንቶች ተኮሱባቸው። አሥሩ ሞቱ። አለን ብላክ የተባለው 18 ጥይት ተመትቶ በሕይወት ተረፈ።

እነዚያ ሰዎች በመጨረሻዋ ደቂቃ ያደረጉትን ዓለም የሚያውቀው የተረፉት ስለተናገሩ ነው። አለን ብላክ ዕድሜውን ሙሉ ተናገረ። በ2024 የመርማሪው ዳኛ ግድያው የአይአርኤ (ሰሜኑን ከእንግሊዝ ለማላቀቅ ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን) ሥራና ሃይማኖትን ለይቶ የተፈጸመ ጭፍጨፋ መሆኑን ወሰነ። 48 ዓመት መሆኑ ነው።

ታክሲው ውስጥ ስመለስ ሹፌሩ ሬዲዮውን አልከፈተም። ሒሳብ ስከፍለው ብቻ «ስለመጣህልን አመሰግናለሁ» አለኝ። የማንኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቀን 5፣ ፖርታዳውን

ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሮ ጠዋት አባራ። የባን ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ነበር። ድልድዩ ላይ መኪና ያለማቋረጥ ያልፋል። ይኼ ድልድይ አዲስ ነው፣ የ1641ዱ የእንጨት ነበር።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ ወደ መቶ የሚሆኑ ፕሮቴስታንቶች፣ ወንድ ሴት ሕፃን ሳይባል፣ ወደ መርከብ እንሸኛችኋለን ተብለው እዚህ ድረስ ተነዱ። ከዚያ ከድልድዩ ወደ ውኃው ተገፉ። የሚዋኘውን በእንጨት መቱት ወይም ተኮሱበት። ዊሊያም ክላርክ የሚባል ቆዳ አልፊ ገንዘብ ከፍሎ ነው የተረፈው፣ ሌሎቹ ሲሰጥሙ አይቷል፣ ቃሉን ሰጥቷል።

እኔ ያነበብኩት ግን ኤልሳቤጥ ፕራይስ የምትባለዋን ሴት ነው። ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ የድልድዩን ብረት ይዤ። አምስት ልጆቿ እዚህ ሰጥመዋል፣ አምስቱንም በስም ትጠራቸዋለች። እሷን ገንዘብ ደብቀሻል ብለው እግሯን በእሳት ለበለቧት፣ ሰቀሏት፣ አወረዷት፣ መልሰው ሰቀሏት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትናገራለች። ከወራት በኋላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደዚሁ ወንዝ መጣች። ሲመሻሽ ከውኃው መሀል እስከ ወገቧ ድረስ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት አዩ ትላለች። ፀጉሯ ነጭ፣ ሰውነቷ እንደ በረዶ፣ እጆቿ ወደ ላይ። «በቀል፣ በቀል፣ በቀል» ትላለች።

ብዙ የታሪክ ሰው ይህን ሲያነብ ምስክርነቷን በሙሉ ይጠራጠራል። ፕሮፓጋንዲስቶቹ ደግሞ ይህንኑ ቀድመው አሳተሙት፣ ደም የሚያፈላ ነዋ። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ የታየኝ ሌላ ነው። ይህቺ ሴት አምስት ልጅ የበላባት ወንዝ ዳር ተመልሳ ሄዳለች። አመሻሽ ላይ። ምን ፍለጋ ሄደች? እናት ነች፣ ሄደች። ውኃውን እያየች እዚያ የቆመች እናት ምንም ታያለች፣ እኔ አልፈርድባትም። ልጆቹን ግን አላለመቻቸውም። የልጆቹንና የመንፈሷን ነገር በአንድ ሚዛን አስቀምጦ አብሮ መጣል ግፍ ነው።

ቀን 6፣ ዴሪ

ከቤልፋስት ሁለት ሰዓት የባቡር መንገድ ነው፣ መጨረሻው አካባቢ ሐዲዱ ከባሕሩ ጥግ ጥግ ይሄዳል። ጣቢያው ከፎይል ወንዝ ማዶ ስለሆነ የሰላም ድልድይ የሚባለውን በእግሬ ተሻግሬ ገባሁ። ከቅጥሩ በታች ቦግሳይድ የሚባለው የካቶሊኮች ሰፈር አለ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 ሕዝቡ ያለ ፍርድ መታሰርን ተቃውሞ ሰልፍ ወጣ። የእንግሊዝ ፓራሹት ጦር 13 ሰው ገደለ፣ 14ኛው ከወራት በኋላ ሞተ። ስድስቱ ገና 17 ዓመታቸው ነው። የ17 ዓመቱን ጃኪ ደዲን ተሸክመው ሲያወጡ አባ ኤድዋርድ ዴሊ ጎንበስ ብለው በደም የራሰ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ ከፊት ይሄዳሉ፤ ያንን ፎቶ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ባርኒ ማክጊገን የስድስት ልጆች አባት ነው። ቆስሎ የሚጮህ ሰው ሰማ፣ ብቻውን አይሞትም ብሎ ነጭ መሐረብ እያሳየ ወጣ። ራሱ ላይ ተመታ።

ሙዚየሙ ግድያው ከተፈጸመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተወትፎ ነበር የዋልኩት።

ይህን ጉዞ እዚህ ለመጨረስ የፈለግሁት በምስክሮቹ ምክንያት ነው። በግድያው ማግስት በነበሩት ቀናት የከተማው ሰው ትኩስ ትኩሱን ቃሉን ሰጠ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው። ሎርድ ዊጀሪ የተባለው ዳኛ በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርቱን ሲያወጣ ያ ሁሉ ቃል እምብዛም ቦታ አላገኘም። ሟቾቹ ላይ መሣሪያ ወይም ቦምብ ነክተዋል የሚል ጥርጣሬ ጥሎባቸው ሄደ። ቤተሰቦቹ 26 ዓመት ከጮኹ በኋላ በ1998 በሎርድ ሳቪል የሚመራ አዲስ ምርመራ ተቋቋመ። ወደ 2,500 ቃል ተቀበለ፣ 900 የሚበልጥ ሰው ቀርቦ ተናገረ፣ ብዙው እዚሁ ጊልድሆል በሚባለው የከተማው አዳራሽ። ጁን 15 ቀን 2010 ሪፖርቱ ወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንም ግድያው ምንም ምክንያት ሊቀርብለት እንደማይችል ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። አደባባዩ ላይ ቤተሰቦቹ የየሟቻቸውን ስም እየጠሩ «ንጹሕ!» አሉ። የዊጀሪን ሪፖርት ሕዝብ ፊት ቀደዱት።

በኦክቶበር 2025 ደግሞ ወታደር ኤፍ ተብሎ ብቻ የሚጠራው የቀድሞ ወታደር በቤልፋስት ፍርድ ቤት ከግድያ ክስ ነፃ ተባለ። ዋናው ማስረጃ ሁለት ጓደኞቹ በ1972 የሰጡት የጽሑፍ ቃል ነበር፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አልናገርም አለ፣ እና በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈትሻቸው አልተገኘም። ዳኛው ወታደሮቹ ሥነ ሥርዓታቸውን እንዳጡ ተናገረ፣ ክሱ ግን አልጸናም። የሕጉ ነገር ይገባኛል። ለእነዚያ ቤተሰቦች ግን አንጀቴ ተላወሰ።

ማታ ሮስቪል መንገድ ላይ ያለው ሐውልት ጋ ተመለስኩ። ካፍያ ነበር። የ14ቱን ስም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእኛ ፊደል ገለበጥኩ። ከሥሩ ቦታ ተረፈኝና የኤልሳቤጥ ፕራይስን ልጆች ጻፍኩ። አዳም። ጆን። አን። ሜሪ። የመጨረሻዋ ላይ ብዕሬ ቆመ። እንደ ወንድሟ ስም ሊነበብብኝ ነው። ሰረዝኩና ጆአን ብዬ እንደገና ጻፍኳት።